ከስክስ ጫማ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከስክስ ድሮ የወታደርና የሳይት ሠራተኛ ጫማ ነበር። አሁን ጂንስ ለብሶ ቢሮ የሚገባውም ያደርገዋል። ወፍራም ቆዳና ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ በደንብ ከተመረጠ ለዓመታት ያገለግላል። ብዙ ሰው ግን ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ ማማረር ይጀምራል። ስንገዛ ቀለሙንና ቅርጹን እናያለን፤ ገልብጦ ሶሉ እንዴት እንደተያያዘ የሚያይ ጥቂት ነው። ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሶሉ የሚቀየር ጫማ ሲገዙት ቢወደድም ያዋጣል። ስለዚህ ከሶሉ ልጀምር።

ሶሉ አፉን ሲከፍት

ጫማው ከፊት በኩል ይላቀቅና ስትራመዱ ይጮኻል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ መያያዙ ነው። ውሃው፣ ሙቀቱና በየእርምጃው መተጣጠፉ ማስቲሹን ያደክሙታል።

መድኃኒቱም ማስቲሽ ነው፤ አሠራሩን ግን ብዙዎች ያበላሹታል። አሮጌው ማስቲሽ ተፍቆ ይውጣ። ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር፣ አቧራው ይጠረግ። ከዚያ ማስቲሹ በስሱ ሁለቱም ላይ ይቀባና 10 ወይም 15 ደቂቃ ይቆይ። ጣት ላይ የማይቀር፣ ግን የሚይዝ ሲሆን ነው የሚገጠመው። እርጥብ እያለ ከተገጠመ ውሎ ሳያድር ይላቀቃል። ከተገጠመ በኋላ በመዶሻ ይመታ፣ ለ24 ሰዓት አይደረግ። የሰፈራችሁ ጫማ ሰፊ ከቸኮለ «ወንድሜ፣ ይድረቅ፣ እኔ እጠብቃለሁ» በሉት። ዙሪያውን ሰም በነካው ወፍራም ክር ካሰፋችሁት ደግሞ የበለጠ ይቆያል። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ሶሉ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ገና ልትገዙ ከሆነ ጠርዙን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥሩ ከስክስ ከቆዳው ሥር ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን የቆዳ ጠርዝ አለው፤ ሶሉ ከእሱ ጋር በክር ይሰፋል። ይህ አሠራር ጉድይር ዌልት ይባላል። ሶሉ ሲያልቅ ክሩ ተፈትቶ አዲስ ሶል ይሰፋል፣ የላዩ ቆዳ አይነካም። አንዳንድ ጫማ ላይ ግን ስፌቱ ጎማው ላይ በቅርጽ የወጣ ጌጥ ብቻ ነው። ጥፍራችሁ ክር ካላገኘ ተጠራጠሩ።

ሶሉ ሲፈረፈር

ይሄኛው ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ከስክስ ለክብር ቀን ተብሎ ካርቶን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጧል። አንድ ቀን ሲደረግ መንገድ ላይ ሶሉ ተፈርፍሮ ይቀራል። ሰው የሚያማው የላከውን ዘመድ ወይም ሻጩን ነው። ጥፋቱ ግን የሶሉ ነው። ፖሊዩሪቴን ከሚባል ክብደቱ ቀላል የሆነ ፕላስቲክ የተሠራ ሶል ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ማስቀመጥ አያድነውም። ሳልቫጅ ተራ የምታገኙት አዲስ የሚመስል ከስክስም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሶሉን በአውራ ጣት ጫኑት፣ ከዚያም እጠፉት። ከተሰነጠቀ ወይም ከተለጠፈባችሁ ተዉት። የላዩ ቆዳ ጥሩ ከሆነና የእናንተ ከሆነ ግን አትጣሉት፤ የተበላሸው ሶል ተነቅሎ የጎማ ሶል ሊገጠምለት ይችላል።

ተረከዝ ሲልጥ፣ ጣት ሲጨንቅ

አዲስ ከስክስ ሶሉ ስለማይታጠፍ ተረከዝ ላይ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ሶሉ ሲለሰልስ ይተዋል። አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ግን ቁጥሩ ትልቅ ነው። የአሜሪካ የሥራ ጫማዎች ብዙዎቹ ከስኒከር ሰፋ ይላሉ፤ በስኒከር ቁጥራችሁ ከውጭ ካዘዛችሁ በግማሽ ቁጥር ሊበልጥባችሁ ይችላል። እግር ማታ ላይ ስለሚያብጥ ወደ ማታ፣ በምታደርጉት ወፍራም ካልሲ ለኩ።

የተገዛውን ለማዳን ከማሰሪያው ጀምሩ። የላይኛው ቀዳዳ ላይ ስትደርሱ ክሩን ወደ ማዶ ሳትወስዱ እዚያው ጎን በኩል ቀለበት ሥሩ፤ የማዶውን ክር በቀለበቱ አሳልፉና ሳቡ። ተረከዙን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ካልበቃ ከምላሱ ሥር ቀጭን ስፖንጅ ይለጠፍ።

ጣት ከጨነቀ ወርዱን ጫማ ሰፊ በእንጨት ቅርጽ ሊያሰፋው ይችላል። ርዝመቱ ግን አይጨምርም። ጫፉ ላይ ብረት ያለው የሥራ ጫማ ከሆነ ደግሞ ብረቱ አይለጠጥም፤ ለሚሆነው ሰው ስጡት።

ቆዳው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ

ብዙ ጫማ የሚሞተው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የሚገድለው ግን ዝናቡ ሳይሆን ከሰሉ ነው። የረጠበ ጫማ ምድጃ ዳር ሲቀመጥ ቆዳው ይኮማተራል፣ ቅባቱን ያጣል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ የውስጡን ሶል አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ጥላ ላይ ተዉት። ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይሩት። ሲደርቅ የቆዳ ቅባት በስሱ ቀቡት። የምግብ ዘይትና ቅቤ አይሆኑም፤ ይበላሻሉ፣ ይሸታሉ። ንጹሕ የንብ ሰም ከቆዳ ቅባት ጋር ቀልጦ ስፌቱ ላይ ሲቀባ ውሃ በደንብ ይከላከላል። ቆዳውን እንደሚያጠቁረው ግን እወቁ።

አንዴ የተሰነጠቀ ቆዳ መልሶ አይገጥምም። ቅባት ስንጥቁ እንዳይሰፋ ያግዛል፣ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም።

ሚኒሶታ ወይም ዲሲ ላላችሁ፦ በበረዶው ወራት ቆዳው ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ኮምጣጤና ውሃ እኩል ለኩል ቀላቅላችሁ ጥረጉት። ሳትጠርጉ ቅባት አትደርቡበት።

ስለ ሊስትሮም አንድ ነገር። ለስላሳና አንጸባራቂ ቆዳ ሲሆን እጃቸው ይባረክ። ነገር ግን ላዩ ተፍቆ የለሰለሰ ቆዳ፣ ኑቡክ የሚባለው፣ ቀለም ከነካው አለቀለት። ከ1973 ጀምሮ የሚሠራው ቢጫው የቲምበርላንድ ቦት እንዲህ ዓይነት ነው። ለእሱ ደረቅ ብሩሽ ብቻ።

በራስ መንገድ ማስተካከል

ጥልቅ ጥርስ ያለው ሶል ጭቃ ቤት ድረስ የሚያስገባባችሁ ከሆነ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆማችሁ ጉልበታችሁን ካመማችሁ፣ ጫማው ሳይሆን ሶሉ ነው ያልተስማማችሁ። ጥርሳሙ የጎማ ሶል የተፈጠረው ለተራራ ነው። ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ በ1935 ስድስት ጓደኞቹ አልፕስ ላይ ከሞቱ በኋላ ነው የተሻለ ሶል ለመሥራት የተነሣው፤ ቪብራም የተባለው ሶል በ1937 ወጣ። ለድንጋይና ለጭቃ ተወዳዳሪ የለውም። ለመጋዘንና ለሆቴል ወለል ግን ጠፍጣፋውና ለስላሳው ሶል ይሻላል፤ ጭቃ ላይ ያንሸራትታል እንጂ። የተሰፋ ጫማ ያለው ሰው አንዱን አስነቅሎ ሌላውን ማሰፋት ይችላል። ታኮ ላይ ብረት ማስመታትን አልመክርም፤ ሴራሚክ ላይ ይጥላችኋል።

ቀለም ስትቀይሩ ከፈዛዛ ወደ ጥቁር እንጂ ወደ ኋላ አይሆንም። መጀመሪያ የማይታየው የምላሱ ክፍል ላይ ሞክሩ። የፋብሪካው ማንጸባረቂያ በአሴቶን ካልተጠረገ ቀለሙ ወደ ውስጥ አይገባም፣ በኋላ ይላጣል። ቀለም መንካት ካልፈለጋችሁ የጫማ ክር ብቻ ቀይሩ። ቡናማ ከስክስ ነጣ ባለ ወፍራም ክር በጣም ያምራል።

ሽታ ካለ አንዱን ጫማ በተከታታይ ማድረጋችሁ ነው። ቀን እያሳለፋችሁ አድርጉ፣ የውስጡን ሶል እያወጣችሁ አናፍሱ።

ሶል ከማስቀየራችሁ በፊት ጣት የሚታጠፍበትን ቦታ ግን እዩ። እዚያ ላይ ቆዳው ከውጭ እስከ ውስጥ ከተቀደደ ለአዲስ ሶል ገንዘብ አታውጡ። ክሩንና የክር መያዣ ብረቶቹን አውጥታችሁ ለሚቀጥለው ጫማ አስቀምጡ።