«መንግሥት እየቀለበሽ አይደል?» ሲልሽ

ተክለሃይማኖት አካባቢ ባለች የቀበሌ ቤት ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ጠዋት በሴፍቲኔት፣ መንግሥት ደሃ ቤተሰብን እያሠራ በሚከፍልበት ፕሮግራም፣ መንገድ እጠርጋለሁ። ከሰዓት ሰው ቤት እየሄድኩ ልብስ አጥባለሁ። ከልጆቼ አባት ጋር ተፋትተናል። አብረውኝ ከሚጠርጉት ሴቶች አራቱ በተለያየ ጊዜ ወደ ጎን ወስደውኝ «ለፍቺና ለቀለብ ፍርድ ቤት ልሄድ ነው፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?» ብለውኛል። ለእነሱ ያልኩትን ነው እዚህ የምጽፍልሽ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ። ለራስሽ ቀለብ የምትጠይቂው የፍቺው መዝገብ ክፍት እያለ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 82 ላይ የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ትእዛዝ እንዲሰጥ ይላል። ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ግን ሕጉ ለቀድሞ ሚስት ወይም ለቀድሞ ባል በየወሩ የሚከፈል ቀለብ አላስቀመጠም። ብዙ ሴት ይህን አታውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

ማመልከቻዬን የጻፈልኝ ሰው ሦስት መቶ ብር ተቀብሎኝ «ፍቺ ይወሰንልኝ፣ የልጆች ቀለብ ይቆረጥልኝ» ብሎ ጻፈ። ስለ እኔ አንድ መስመር የለበትም። አንብብልኝ ሳልል ፈረምኩ። ከኅዳር እስከ ሰኔ ተመላለስኩ። በእነዚያ ወራት ቤቱን የያዝኩት በሴፍቲኔት ብቻ ነው፤ የልጆቼ አባት ደሞዙን እንደ ድሮው ለብቻው እየበላ። ሰኔ ላይ ፍቺው ሲወሰን «ለእኔስ?» አልኩ። ዳኛዋ በትዕግሥት አስረዱኝ። ያኔ መጠየቅ ነበረብሽ፣ አሁን አልፏል አሉኝ። ከችሎት ወጥቼ ልደታ ባቡር ፌርማታ ድረስ ያለቀስኩትን አልረሳውም። ስለዚህ እህቴ፣ ማመልከቻሽ ውስጥ «ክርክሩ እስኪያልቅ ጊዜያዊ መተዳደሪያ ይወሰንልኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር መኖሩን ሳታረጋግጪ አትፈርሚ። ማንበብ ካልቻልሽ ድምፅ እያሰማ እንዲያነብልሽ አድርጊ። አታፍሪ።

አሁን ወደ ሴፍቲኔቱ ልምጣ። የልጆቼ አባት ችሎት ቆሞ «መንግሥት እየቀለባት ነው፣ የእኔ ምን ይጨምርላታል?» አለ። ብዙ ወንድ ይህን ይላል። ሽማግሌዎችም ይሉታል፤ የራሴ አጎት ሳይቀር «እግዜር ይስጥልን በይና ተዪው» ብሎኛል። ግን ቀለብ የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ በጠያቂው ችግርና በከፋዩ አቅም። ሴፍቲኔት ችግርሽን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ለደሃ ነው የተሰጠሽ። ልጆቹን የማሳደግ ግዴታ ደግሞ የእናትና የአባት ነው። ወረዳው አባት ሆኖ አልተተካም።

ቢሆንም የምታገኚውን አትደብቂ። እኔ የንግድ ባንክ ደብተሬን የስድስት ወር አስነስቼ ይዤ ሄድኩ። ከክፍያችን ሃያ በመቶው ለቁጠባ እንደሚቀር፣ እጄ ላይ የሚደርሰው ከተጻፈው ያነሰ መሆኑን አሳየሁ። ከወረዳው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤም አጻፍኩ። ዳኛዋ «ስንት ታገኛለሽ?» ሲሉኝ ከወረቀቱ አነበብኩላቸው። እሱን «አንተስ?» ሲሉት ዝም አለ።

የእሱን ገቢ ማሳየት የአንቺ ሥራ ነው፤ ራሱ አይነግርሽም። ደሞዝተኛ ከሆነ «ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ይጻፍልኝ፣ ደሞዙ ይገለጽ» ብለሽ ጠይቂ። ሹፌር ከሆነ የመኪናውን ታርጋ፣ ነጋዴ ከሆነ የንግድ ፈቃዱንና ሱቁ ያለበትን ቦታ፣ የሚያውቁትንም ምስክሮች ስም ያዢ። ወጪሽን ደግሞ በዝርዝር ጻፊ። እኔ የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የትንሿን የአስም መድኃኒት ለየብቻ ጻፍኩ። «ለኑሮ ይህን ያህል» ብለሽ በደፈናው አትጠይቂ። የመድኃኒቱ ደረሰኝ ከእንባዬ ይልቅ ረድቶኛል።

ለዳኝነት የምትከፍይው ከሌለሽ ሕጉ በደሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል። አቅም እንደሌለሽ ታስረጃለሽ። ጠበቃ ማቆም ካልቻልሽም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። እኔ ከፍርዱ በኋላ ነው የሰማሁት። አንቺ ለማመልከቻ ጸሐፊ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ።

«ታዲያ ከፍቺ በኋላ ለእኔ ምንም የለም ማለት ነው?» ትዪ ይሆናል። አለ፤ ስሙ ግን ቀለብ አይደለም። አንደኛው ንብረት ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት በእሱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን ካላስረዳ የጋራ ይባላል፣ እኩል ይካፈላል። ፍሪጅም ይሁን የሱቅ ዕቃ፣ ባንክ ያለውም ብር ቢሆን አታሳልፊ። ለፍቺው ምክንያት የሆነው እሱ ከሆነና ጉዳት ከደረሰብሽ ደግሞ ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ። ፍርድ ቤቱ ፍትሕ ይጠይቃል ብሎ ካመነ ይወስናል።

በስምምነት የምትፋቱ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለሽ። ስምምነቱን የምትጽፉት ራሳችሁ ናችሁ፣ ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል። እዚያ ውስጥ «ለአንድ ዓመት በየወሩ ይህን ያህል ይከፍለኛል» የሚል መስመር ማስገባት ይቻላል። ጎረቤቴ ስፌት ተምራ እስክትጨርስ ብላ ለአሥራ ስምንት ወር አስገባች። እኔ ብልጠቷን አደንቃለሁ። ባሏም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲጻፍ ነው የተዋጠለት።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ሦስት ነገር ወዲያው ጨርሺ። የውሳኔውን ግልባጭ ማኅተም ያለበት ከመዝገብ ቤት ውሰጂ። በግልባጩ ወረዳ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ፍቺውን አስመዝግቢና የፍቺ ምስክር ወረቀት አውጪ። ከዚያ ሴፍቲኔት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። የእኛ የቤተሰብ ፎርም የተሞላው በእሱ ስም ነበር። ግልባጩን አይተው ልጆቹን ወደ እኔ አዞሩልኝ። አባታቸው ቀለብ እንዲከፍል መወሰኑንም ነገርኳቸው። ደብቄ ቆይቼ አንድ ቀን ጎረቤት ቢናገርብኝ ያሳፍረኛል ብዬ ነው።

ገንዘቡን በእጅ አትቀበዪ። የልጆቼ አባት መጀመሪያ ሁለት ወር በእጄ ሰጠኝና ቆይቶ «አምስት ወር ከፍያለሁ» ብሎ ተከራከረኝ። ማስረጃ አልነበረኝም። አሁን በባንክ ነው የሚያስገባው። ካቆመም ቶሎ የአፈጻጸም ፋይል፣ ማለት ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን፣ ክፈቺ። ሦስት ወር ሳይጠየቅ ያለፈ ቀለብ፣ ለኑሮሽ ያስፈልግ እንደነበር ካላስረዳሽ፣ ልታጪው ትችያለሽ። ደሞዝተኛ ከሆነ ከደሞዙ እንዲቆረጥ ለመሥሪያ ቤቱ ማጻፍ ነው የሚሻለው። በየወሩ ከመለማመጥ ያድንሻል።

የተወሰነው ገንዘብም ለዘላለም አይደለም። ኑሮ ሲወደድ፣ ልጅ ክፍል ሲያልፍ፣ የእሱ ደሞዝ ሲጨምር እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። የእኔ ትልቁ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። የደብተሩንና የትራንስፖርቱን ወጪ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ሰኞ ዝርዝሩን ይዤ ልደታ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ።