ሲሊኮኑ አልደርቅ አለ? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሲሊኮን፣ ማለትም ክፍተት የሚደፈንበት ከቱቦ የሚወጣ ማሸጊያ፣ እንደ ቀለም ውሃው ተንኖለት የሚደርቅ ነገር አይደለም። ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ነው ወደ ጎማነት የሚለወጠው፤ ለውጡም ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሻወር ቤት ውስጥም ሆነ ካዛንቺስ የአሉሚኒየም መስኮት ላይ የሚያስቸግረው ነገር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ላዩ ደርቋል፣ ሲጫኑት ግን ይሰረጉዳል

ይህ ብዙ ጊዜ የዕቃው ጉድለት ሳይሆን የሠራተኛው ችኮላ ነው። ላዩ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ቆዳ ያወጣል። ውስጡ ግን በ23 ዲግሪና በ50 በመቶ የአየር እርጥበት እንኳ በ24 ሰዓት የሚጠነክረው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥርም ፍጥነቱ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ በጋ ደግሞ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ሁለቱም ያዘገዩታል። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቱቦው «24 ሰዓት» ቢልም ሻወሩን ከመክፈት በፊት 48 ሰዓት ጠብቁ።

በፀጉር ማድረቂያ መንፋት አይጠቅምም፤ የሚፈልገውን እርጥበት ነው የሚያሳጣው። ይልቅ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡና በሩን ገርበብ አድርጉ። ለመፈተሽ የተቀባውን አትጎርጉሩ፦ ስትቀቡ በዚያው ውፍረት ትንሽ ፌስታል ላይ አውጡና በማግስቱ በምላጭ ቁረጡት።

ከ10 ሚሊ ሜትር የሰፋ ክፍተት በሲሊኮን ብቻ አይሞላም። መጀመሪያ ክብ የስፖንጅ ገመድ ወደ ውስጥ ግፉ፤ ከላዩ የሚቀረው የሲሊኮን ጥልቀት የስፋቱ ግማሽ ይሁን፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ግን አይነስ።

ከሦስት ቀን በኋላም እንደ ጥርስ ሳሙና ነው

ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ቢጠብቁትም አይድንም። ከላዩ አዲስ መደረብም ዋጋ የለውም፣ ሁሉም ተፍቆ ይነሳል። መርካቶ ስትገዙ ቱቦው ሥር ያለውን ቀን አንብቡ፤ አብዛኛው ከተመረተ ከ12 እስከ 18 ወር ብቻ ነው የሚቆየው፣ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ ደግሞ ከዚያም በፊት ሊበላሽ ይችላል። ቀኑ የተፋቀ ከሆነ ቢረክስም ተዉት።

ደርቋል፣ ግን ከሰራሚኩ ይላቀቃል

ሲሊኮን አሮጌ ሲሊኮን ላይ አይጣበቅም። እርጥበት፣ የሳሙና ቅሪትና ሻጋታም ይከለክሉታል። አሮጌውን በምላጭ ሙልጭ አድርጋችሁ አንሱ። ሻጋታ ካለ በበረኪና አጥቡት (ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል)፣ በውሃ አለቅልቁ፣ ቢያንስ አንድ ቀን አድርቁ፣ በመጨረሻ በንጹህ ጨርቅ አልኮል ጥረጉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የውሃው መጥፊያ ቀን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ዋናውን ቫልቭ መዝጋት ግን አትርሱ፣ ሌሊት ድንገት ይለቀቃል።

ሁለቱን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፣ ሳታቋርጡ አውጡ፣ በሳሙና ውሃ በራሰ ጣት አንዴ ብቻ አስተካክሉ፤ ሲሊኮኑ ቆዳ ሳያወጣ ፕላስተሩን ላጡ። የሳሙናው ውሃ ሲሊኮኑ ገና ያልነካው ሰራሚክ ላይ ከፈሰሰ ግን እዚያ አይያዝም።

በገንዳው ጠርዝ በኩል እየተሰነጠቀ ነው

ገንዳው ባዶ ሆኖ ነው የተቀባው። ውሃ ሲሞላና ሰው ሲገባበት ወደ ታች ይረግባል፣ ስፌቱም ይበጠሳል። አሮጌውን አንስታችሁ ገንዳውን ውሃ ሙሉት፣ ከዚያ ቀቡ፤ እስኪጠነክር ውሃውን አታፍስሱ።

እብነበረዱ ነጣ፣ የመስታወቱ ጀርባ ጠቆረ

አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ሲጠነክር አሲድ ይለቃል። ለመስኮት መስታወትና ለሰራሚክ ደህና ነው፤ ለእብነበረድ፣ ለሲሚንቶ፣ ለመዳብ፣ ለቆርቆሮና ለፊት መስታወት ግን አሲድ የሌለበት፣ «ኒውትራል» የሚል የተጻፈበት ይገዛል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ እብነበረድ ከመቀየር ግን ይረክሳል።

ተሸብሽቦ በውሃ እየታጠበ ከሄደ የገዛችሁት ሲሊኮን ሳይሆን አክሪሊክ ነው፤ ቱቦው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል። እሱ ቀለም ስለሚይዝ ለበርና ለግድግዳ ስንጥቅ አስቀምጡት።