ካርዱ 400፣ ቆጠራው 800፦ መጋዘን ውስጥ የሚደጋገሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ባሕር ዳርና አካባቢዋ ባሉ መጋዘኖች ለቆጠራና ለርክክብ መጠራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ የፎገራ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ቆርቆሮ፣ የታሸገ ምግብ፤ ዕቃው ይለያያል፣ ብልሽቱ ግን ያው ነው። ስለ ቁልፍ አያያዝ፣ ስለ እሳት ማጥፊያ፣ መጋዘን ውስጥ ሲጋራ ስላለማጨስ አልጽፍም። ይህን የማያውቅ ሰው መጀመሪያውኑ ቁልፉ ሊሰጠው አይገባም ነበር።

ምልክት፦ ካርዱና ቆጠራው አይገጥሙም

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ስልኬ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ካርድ የምለው የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚሰፍርበትን የመጋዘን ካርድ ነው። ኃላፊው ወሬውን የሚጀምረው «ሌባ ገብቷል» ብሎ ነው። ዘበኛው ይጠረጠራል፣ ጫኝና አውራጆቹ ይጠረጠራሉ። ሌብነት የለም አልልም፣ አለ። ግን ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ልዩነቱን ራሱን ተመልከቱት። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ቆጠራው የካርዱ ልክ እጥፍ ወይም ልክ ግማሽ ከሆነ ጥፋቱ መለኪያው ላይ ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ የሲሚንቶውም የዩሪያውም ከረጢት 50 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ሁለት ከረጢት መሆኑን የማያውቅ የለም፣ ካርድ ሲሞላ ግን ይረሳል። በአንድ መጋዘን ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ሲሚንቶ አራገፈ። ገቢ ደረሰኙ 400 ኩንታል ይላል። ካርዱን የሞላው ልጅ «መለኪያ» በሚለው ዓምድ ከረጢት፣ «ብዛት» በሚለው 400 ብሎ ጻፈ። ለቆጠራ ስንገባ ሲሚንቶው ገና አልተነካም ነበርና 800 ከረጢት አገኘን። ኃላፊው ብልጫ ተገኘ ብሎ ደስ ስላለው ለሁላችን ለስላሳ አስመጣ። «ትናንት ሌሊት 400 ከረጢት ተጭኖ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ ካርድህ ልክ ነው ብለን ፈርመንልህ እንሄድ ነበር» ስለው ጠርሙሱን አፉ ሳያደርስ መልሶ አስቀመጠው። ብልጫ ከጉድለት የከፋ ነው፤ ጉድለት ሲገኝ ሁሉም ይጯጯሃል፣ ብልጫ ሲገኝ ግን ማንም አይጠይቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ካርድ ላይ አንድ መለኪያ ብቻ ይጻፍ፣ እሱም አውራጁ በትከሻው የሚሸከመው ነገር ይሁን። ደረሰኙ በኩንታል ከመጣ፣ ብዜቱን ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሠርታችሁ ፈርሙበት።

ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ መጀመሪያ የተገላበጠ አኃዝ ፈልጉ። 873 የነበረው 837 ተብሎ ሲጻፍ ልዩነቱ 36 ይሆናል፣ 54 ደግሞ 45 ሲሆን 9። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ፖሊስ ጣቢያ የሚወስደው ግን ሙሉ ቀን ነው።

ከእነዚህ ካልሆነ መሳቢያውን ክፈቱ። የእውነት እላችኋለሁ፣ ከመጋዘኑ በፊት የግምጃ ቤት ሠራተኛውን መሳቢያ ክፈቱ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 ይያዛል፤ የግል ድርጅቶች ስሙን ይለውጡት እንጂ ሥራው ያው ነው። ዕቃው ወጥቶ ወረቀቱ ካልተሠራ፣ ወይም ወረቀቱ ተሠርቶ ካርዱ ላይ ካልተወራረሰ፣ የሚጎድል ነገር ሳይኖር ጉድለት ይመጣል። አንድ ጊዜ ከአንድ መሳቢያ ሰባት ወረቀት አወጣሁ። ሦስቱ በትክክል የተሞሉ ሞዴል 22 ነበሩ፣ ካርድ ላይ ግን አልሰፈሩም። ሦስቱ ከደብተር የተቀደዱ ናቸው። ሰባተኛው የብስኩት ካርቶን ቁራጭ ነው፤ በላዩ ላይ «30 ቆርቆሮ፣ ለነጩ አይሱዙ፣ ነገ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል። የትኛው ነጭ አይሱዙ? ባሕር ዳር ውስጥ ነጭ አይሱዙ ስንት ነው? ልጁም አያስታውስም። «ሥራ አስኪያጁ ማታ ደውለው ስጠው፣ ወረቀቱ ነገ ይመጣል አሉኝ» አለ። ሥራ አስኪያጁን ጠየቅናቸው። እሳቸውም አላስታወሱም።

የዚህ ሥራ ዋናው ችሎታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የቅጥር ማስታወቂያ ላይ «የኮምፒውተር ችሎታ ያለው» ተብሎ ይጻፋል፤ «ማታ አለቃው ሲደውል እምቢ ማለት የሚችል» ተብሎ ሲጻፍ ግን አይቼ አላውቅም። አለቃን በባዶ እጅ እምቢ ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ፣ ስለዚህ እጃችሁ ባዶ አይሁን። ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ ቅጂ ያለው ትንሽ ጥራዝ አሳትሙ። ዕቃው በአስቸኳይ ከወጣ ተረካቢው የታርጋ ቁጥሩን፣ ብዛቱንና ስሙን ጽፎ ይፈርማል፤ ዘበኛው አንዱን ቅጂ ሳይቀበል በሩን አይከፍትም፤ በማግሥቱ ከምሳ በፊት ወደ ሞዴል 22 ይቀየራል። «እሺ ጌታዬ፣ አሁኑኑ እሰጣለሁ፣ ሹፌሩ እዚህ ላይ ይፈርም» ማለት እምቢ ማለት አይደለም። ሹፌሩ አልፈርምም ካለ ግን ቆርቆሮው አይንቀሳቀስ።

ወረቀቱ ሁሉ ልክ ሆኖ አሁንም ካልገጠመ ቆጠራው ነው የተሳሳተው። ከፊት ቆሞ «አሥራ ሁለት በስምንት» እያሉ ማባዛት ቆጠራ አይባልም። ክምሩ ላይ ውጡ! አንድ የበቆሎ መጋዘን ውስጥ ክምሩ ከአራቱም አቅጣጫ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ነበር፤ ያማረ ነው። ጫፉ ላይ ስወጣ መሐሉ እንደ ጉድጓድ ክፍት ነው። ወደ ታች ሳይ ባዶ ጆንያ ተነጥፏል፣ ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። አውራጆቹ ለቀትር እንቅልፍ ያዘጋጁት ቤት ኖሯል። ካርዱ የሚቆጥረው እዚያ የሌለውን በቆሎ ነበር።

ስለዚህ ስትቆጥሩ፦ በሩ ይዘጋ፣ ምንም አይግባ፣ ምንም አይውጣ። ከመጀመራችሁ በፊት የመጨረሻውን የገቢና የወጪ ደረሰኝ ቁጥር መዝግቡ፤ ይህ ካልተደረገ በቆጠራው ቀን የገባ ጭነት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ወይም ጨርሶ አይቆጠርም። ካርዱን ያላዩ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይቁጠሩ። ግምጃ ቤቱን የያዘው ሰው ይገኝ እንጂ አይቁጠር። ካርድ ላይ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል። ነጭ ቀለም የተቀባበት ካርድ ሳይ ቆጠራውን አቆማለሁ። ካርዱን ለቆጠራው እንዲስማማ ማስተካከል ደግሞ የኮሚቴ ሥራ ነው፣ የእናንተ አይደለም።

ምልክት፦ የታችኛው ረድፍ ይረጥባል፣ ሲሚንቶው ይጠነክራል፣ ዩሪያው እንደ ድንጋይ ይያያዛል

ጣሪያ ያፈሳል ብላችሁ ቶሎ ጣሪያ አትቀይሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣና ዳር ያለ መጋዘን ከታችም ከላይም ይረጥባል። ከሥሩ ፕላስቲክ ያልተነጠፈበት ወለል እርጥበት ከመሬት ይስባል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቆርቆሮው ውስጡን ያልበውና ንጋት ላይ ይንጠባጠባል። ዩሪያ ራሱ ከአየር ውኃ የሚጠጣ ነገር ነው።

መፍትሔው ርብራብ ነው፤ ከወለል ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ ከግድግዳም ሰው መጥረጊያ ይዞ የሚያልፍበት ክፍተት ያለው። የአየር ማስገቢያዎቹ ደረቅ ፀሐይ ባለበት እኩለ ቀን ይከፈቱ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይዘጉ። ሲሚንቶ ከ10 ከረጢት በላይ አትደርድሩ። ከርጥብ ባሕር ዛፍ የሚመታውን ርብራብ ግን እባካችሁ አትግዙ። በሁለት ወር ይጣመማል፣ ምስማሩ ብቅ ይልና ጆንያውን ይቀድዳል፣ ከዚያ «አይጥ በላው» ትላላችሁ። አይጥ ምስማር የለውም።

እህል ስትረከቡ እርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ደጋግማችሁ ነቅንቁ። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ርጥብ ነው፣ መልሱት ወይም አስጡት። በቆሎ 13 በመቶ ገደማ ካልደረሰ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም። ነጋዴው ይቆጣል። ይቆጣ።

ምልክት፦ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ከኋላ ይገኛል

አዲሱ ጭነት ከፊት፣ አሮጌው ከግድግዳው ሥር ስለሚቀር ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ያልተስተዋለው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ካርቶኑ ላይ 08/2025 ተብሎ ታትሟል። አንዲት ጎበዝ መዝጋቢ፣ በ2017 ዓመተ ምሕረት፣ ይህንን እንዳለ «ሚያዝያ 2025» ብላ ካርድ ላይ አሰፈረችው። ስምንት ዓመት የቀረው ጭማቂ ሆነ! ትክክለኛው ግን እስከ ኦገስት 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ላይ አበቃ ማለት ነው። ካርድ ላይ የማለቂያውን ቀን ካርቶኑ ላይ እንዳለ ከ«እ.ኤ.አ.» ጋር ጻፉ፣ ከጎኑም በእኛ አቆጣጠር አስልታችሁ አኑሩ። ከዚያ በትልቁ በጠመኔ ካርቶኑ ፊት ላይ። ቀድሞ የገባው ሳይሆን ቀድሞ የሚያልቀው ይውጣ።

ነቀዝ፦ ከገባ ለባለሙያ ደውሉ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ራሳችሁ አትበትኑ፤ የሚያወጣው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ሰው ይገድላል። ዘበኛ የሚተኛበት መጋዘን ውስጥ በፍጹም፣ ከመኖሪያ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ መጋዘን ውስጥም በፍጹም። ዘበኛው ሌላ ቦታ ይተኛ ስትሏቸው «ለአንድ ሌሊት ነው» የሚሉ ኃላፊዎች አጋጥመውኛል።

ባስኩል (ከረጢት የሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን)፦ ወለሉ ካልተስተካከለ ይዋሻል። ክብደቱን የምታውቁትን ከረጢት በየጠዋቱ አስቀምጡበት።

ኮምፒውተር፦ መብራት ሲጠፋ ዕቃ መውጣቱ አይቆምም፣ ስለዚህ የወረቀት ካርዱን አትጣሉ።

ምልክት፦ ሥራ በጀመራችሁ በወሩ ጉድለት ይገኝባችኋል

ቁልፍ የተቀበላችሁት ሳትቆጥሩ ነው። መፍትሔ የለውም፣ መከላከያ ብቻ ነው ያለው። ተሰናባቹ ኃላፊ ቸኩሏል፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ «ሁሉም ካርዱ ላይ አለ ወንድሜ» ይላል። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ አምኜ ተቀበልኩ። 17 ጥቅል ሽቦ አልነበረም። ዋጋው በየወሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ በአሥራ አራተኛው ወር አለቀ።