ቮልስን ከታምቡር ወደ ዲስክ ፍሬን ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ቮልስ የሚነዳ ሰው ይህችን ነገር በደንብ ያውቃታል። ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ ላይ ውሃ ይተኛል። ኩሬውን አልፋችሁ ፍሬን ስትይዙ መኪናው አልሰማችሁም ይላል። ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ድስት መሰል ብረት) ውስጥ የገባው ውሃ ቶሎ አይወጣም፣ ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ሸራም ረጥቧል። ደጋግማችሁ ረግጣችሁ እስክታደርቁት ድረስ ደግሞ ከፊት ያለው ባጃጅ ቆሞ አይጠብቃችሁም።

ሌላው የጊቤ ቁልቁለት ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከአበልቲ ወደ ወንዙ ያለው መውረጃ ረጅም ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። ፔዳሉም በየኩርባው ትንሽ ትንሽ እየወረደ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም።

አጎቴ ያወረሰኝ የእ.ኤ.አ. 1964 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። በእነዚህ ሁለት ችግሮች ምክንያት የፊት ፍሬኗን ወደ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ብረት በሁለት ሸራ መሃል እየተጨመቀ የሚያቆምበት ፍሬን) ከቀየርኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሥራው ማለቅ ከነበረበት በላይ ወጪ አስወጥቶኛል። አሁን ሳየው ገንዘቡ የሄደው ውድ ዕቃ በመግዛቴ አይደለም። መግዛት የሌለብኝን ገዝቼ፣ መግዛት ያለብኝን ስለተውኩ ነው። በርካሽ መሥራት የሚቻለው የሚቀየረውን ነገር በማሳነስ ነው። የሚቀየረው ግን በትክክል መቀየር አለበት።

ያለውን ፍሬን ሳያስተካክሉ መጀመር

ብዙ ሰው “ቮልስ ፍሬን የላትም” ሲል የተስተካከለ የቮልስ ፍሬን ረግጦ አያውቅም። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሁለት ሁለት ጥርሳም ማስተካከያዎች አሉ። ሸራው ባለቀ ቁጥር በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እየዞሩ መጠጋት አለባቸው። ካልተነኩ ፔዳሉ ወለል ይደርሳል። መጀመሪያ መኪናውን በክሪክ አንሱት፣ አራቱንም አስተካክሉ፣ የፍሬን ዘይቱን ቀይሩ፣ አንድ ሳምንት ንዱት። መኪናዋ ከአጋሮ መንገድ የማታልፍ ከሆነ ምናልባት በዚሁ ትቆሙ ይሆናል። ይህ የሚያስወጣው የአንድ ጠዋት ሥራ ብቻ ነው።

አራቱንም ጎማ ዲስክ ማድረግ

አያስፈልግም። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ባለ 1500 ሞተር ቮልስ ፊቱ ዲስክ፣ ኋላው ታምቡር ነበር። የኋላውን ከነካችሁ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ይበላሻል፣ ለእሱ ሌላ ዕቃ መፈለግ ትጀምራላችሁ። የኋላውን ታምቡር አጽዱ፣ ጎሚኒዎቹን (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዙትን ጎማዎች) ቀይሩ፣ ተዉት።

መኪናቸውን ሳያውቁ ዕቃ ማዘዝ

የእኔ ትልቁ ኪሳራ እዚህ ጋ ነው። ለቮልስ መለዋወጫ ማግኘት ዛሬም ይቻላል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ ዕቃው እስካሁን ይመረታል። እኔም ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ “የቮልስ የፊት ዲስክ ፍሬን” ብዬ አስገዛሁ። ዲስክ ከባድ ነው። ሰውዬው ከሻንጣው የልጆች ልብስ ቀንሶ ነው ያመጣልኝ። ስንገጥመው ኩሽኔታው አክሱ ላይ አልገባም።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1965 ሞዴል ድረስ ያሉት ቮልሶች የፊት ጎማቸው መሪ ሲዞር የሚታጠፈው በኪንግ ፒን (በብረት ዘንግ) ነው። ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት (ኳስ መሰል መጋጠሚያ) መጣ። ጎማው የሚዞርበት አክስ ይለያያል፣ የኩሽኔታው ልክም ይለያያል። እኔ የገዛሁት የቦል ጆይንቱን ነበር። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ከመኪናው ሥር ግቡና እዩ። ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አትመኑ። በዚህ ዕድሜ ስንት ቮልስ የሌላ ቮልስ ፊት ተገጥሞላታል።

ቀጥሎ የቸርኬውን ብሎኖች ቁጠሩ። የድሮዎቹ ባለ 5 ናቸው፣ ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ 205 ሚሊሜትር ነው። ኋላ የመጡት ባለ 4 ሲሆኑ ክቡ 130 ሚሊሜትር ነው። ባለ 4 ዲስክ ገዝታችሁ ቸርኬያችሁ ባለ 5 ከሆነ ፊትና ኋላው የተለያየ መኪና ይኖራችኋል። መለዋወጫ ጎማችሁም ለአንዱ ወገን አይሆንም። ባለ 5 ሆኖ የተሠራ ዲስክ ይገኛል፣ እሱን ፈልጉ። ቸርኬ ከመግዛት ያድናችኋል።

ስለ ግራው ጎማ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ሁለቱም ሰው ያስለቅሳሉ። የፍጥነት መለኪያው ገመድ የሚያልፈው በግራው የፊት አክስ መሃል ነው። ስለዚህ የግራው ዲስክ ክዳን ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ድፍን ክዳን ከተገጠመ መለኪያው ይሞታል። ሁለተኛ፣ ኩሽኔታውን አክሱ ላይ የሚይዘው የግራው ዳዶ ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። ይህን የማያውቅ ጎረምሳ በረጅም ቧንቧ እየታገለ ጥርሱን ሲጨርሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ከየመኪናው ለቃቅሞ መበየድ

ጅማ ውስጥ ጎበዝ በያጅ አይጠፋም። ለዚህም ነው ይህ ስህተት የሚያጓጓው። ከሶማሌ ተራ የሌላ መኪና ካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ይመጣል፣ ዲስኩ ቶርኖ ቤት ይሞረዳል፣ ካሊፐሩን የሚይዘው ብረት አክሱ ላይ ይበየዳል። ቆሞ ሲታይ ያምራል።

አክሱ ግን ተቀጥቅጦና በሙቀት ታክሞ ጥንካሬ ያገኘ ብረት ነው። ብየዳ ሲነካው ጥንካሬው በዚያ ቦታ ይለወጣል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ደግሞ መኪናውን የሚያቆመው ጉልበት ሁሉ በዚያች ብረት ላይ ነው የሚያርፈው። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለውም። ግን ከአንድ ዓይነት መኪና፣ አክሱም፣ ዲስኩም፣ ካሊፐሩም አንድ ላይ የተፈታ ይሁን። በብሎን የሚገጠም እንጂ የሚበየድ አይሁን። ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ አነስተኛው ውፍረት ብዙውን ጊዜ ራሱ ላይ ታትሟል። በካሊበር (በውፍረት መለኪያው) ለኩት። ከዚያ በታች ከሆነ በነፃም አትውሰዱት።

ማስተር ሲሊንደሩን መተው

ማስተር ሲሊንደር ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ክፍል ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ይህን ነው። “ማስተሩ ደህና ነው፣ አያፈስም፣ ምን አስቸኮለህ?” ይላሉ። እኔንም ብለውኛል። ነገሩ ማፍሰሱ ላይ አይደለም።

በቮልስ ታምቡር ውስጥ ሸራውን የሚገፋው የፊት ሲሊንደር ስፋቱ 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የዲስኩ ካሊፐር ፒስተን 40 ሚሊሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ ዘይት ይፈልጋል። ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። ለታምቡር የተሠራ ማስተር መውጫው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለችው። ፔዳሉን ስትለቁት መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ታስቀራለች። ለታምቡር ጥሩ ናት፤ ጎሚኒዎቹ ተወጥረው እንዲቆዩ ታደርጋለች፣ ሸራውን ደግሞ ስፕሪንግ ይመልሰዋል። ዲስክ ግን መላሽ ስፕሪንግ የለውም። ያ የቀረው ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ አጣብቆ ያቆየዋል።

የእኔ መኪና የሆነችው ይህንኑ ነው። ከፈረንጅ አራዳ ተነስቼ ሰርቦ ሳልደርስ መኪናዋ መክበድ ጀመረች። ወርጄ ቸርኬውን ስነካው እጄን አነሳሁት። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቆሜ አቀዘቀዝኳት። አዲሶቹ ሸራዎች ላያቸው እንደ መስታወት አብረቅርቆ ነበር፤ ጣልኳቸው።

ስለዚህ ፊቱ ዲስክ ኋላው ታምቡር ለሆነ መኪና የተሠራ ማስተር ግዙ። ስትገዙም ባለ ሁለት መስመር ይሁን። የድሮዋ ቮልስ ማስተር አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። አንድ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ባለ ሁለቱ መስመር አንዱ ቢፈስ ሌላው ይዞ ያቆማችኋል። የዘይት ማጠራቀሚያውም ለሁለቱ መስመር የሚሆን መሆን አለበት። ከሁሉም ዕቃ መካከል አዲስ ይሁን የምለው ይህን ነው።

ሲገጠም በፔዳሉ ዘንግና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ፔዳሉን በእጃችሁ ስትገፉት መጀመሪያ ትንሽ ባዶ ሊሄድ ይገባል። ክፍተቱ ከሌለ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው አይመለስም። ያው ሙቀት ተመልሶ ይመጣል።

“ፔዳሉ ከበደ” ብሎ መደናገጥ

ታምቡር ሲዞር ሸራውን ራሱ እየጎተተ ያጠብቀዋል። ዲስክ ያንን አያደርግም፣ እግራችሁ የሰጠውን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ስለዚህ ትንሽ ይከብዳል። በዚህ ምክንያት ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ) ለመግዛት አትሩጡ። ባዶዋን 800 ኪሎ የማትሞላ መኪና ናት፤ ዲስክ ያላቸው ቮልሶችም ከፋብሪካ ያለ ሰርቮ ነው የወጡት። በሳምንት ይለመዳል።

በፍሪጅ ቱቦ መሥራት፣ የድሮውን ጎማ ቱቦ መመለስ

የመዳብ የፍሪጅ ቱቦ በእጅ ይታጠፋል፣ በርካሽ ይገኛል፣ ለዚህም ይወደዳል። ለፍሬን ግን አይሆንም። በንዝረት ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። በብየዳ የተቀጠለ የፍሬን መስመርም እንዲሁ። ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ቱቦ ግዙ፣ ጫፉንም በማሽን በትክክል የሚያስፋ ሰው ጋ ውሰዱት። ጎማ ቱቦዎቹን ደግሞ አትመልሷቸው። የድሮ ጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል። ዘይቱን ያሳልፍና መመለሻ ይከለክለዋል። ያን ጊዜ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። እናንተም ካሊፐሩን ትወቅሳላችሁ።

ግራና ቀኙን ማቀያየር

ሁለቱ ካሊፐሮች ይመሳሰላሉ። በተገላቢጦሽ ብትገጥሟቸውም ብሎኑ እሺ ብሎ ይገባል። እኛ እንደዚያ ገጥመን ሁለት ቀን ሙሉ አየር ስናስወጣ ዋልን። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይከፍታል፣ ዘይቱ ይወጣል፣ ፔዳሉ ግን እንደ ስፖንጅ ነው። አንድ ሊትር ዘይት ጨረስን። በሦስተኛው ቀን ሂርማታ መርካቶ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጡ። ጎንበስ ብለው በእጅ ባትሪ አዩት። “ልጄ፣ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። አንተ ታች ከፍተህ ትጠብቀዋለህ” አሉኝ። የአየር ማስወጫዋ ብሎን ከታች ነበረች። አቀያየርናቸው። በግማሽ ሰዓት ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ።

ኩሽኔታውንም በዚሁ አጋጣሚ እዩት። ከላላ ዲስኩ እየተወዛወዘ ሸራዎቹን ወደ ኋላ ይገፋል። ቀጥሎ ስትረግጡ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ከጠበቀም ይቃጠላል። ዳዶው ሥር ያለው ዋሸር በካቻቢቴ ጫፍ ሲገፋ ለትንሽ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ልኩ ነው።

ያገኙትን ዘይት መጨመር

የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ። ከማስተሩ ጀምሮ ሁሉንም ትቀይራላችሁ። የሚያስፈልገው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። እኔ ዶት 4 እመርጣለሁ። ዶት 3 አዲሱ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ዶት 4 እስከ 230። ግን ሁለቱም ከአየር እርጥበት ይጠጣሉ። እርጥበት ሲጠጡ ይህ ቁጥር በብዙ ይወርዳል። በጅማ አየር ደግሞ ካለፈው ዓመት የተከፈተ ጠርሙስ ምን እንደጠጣ መገመት ነው። ትንሽ ጠርሙስ ግዙ፣ የተረፈውን አታስቀምጡ። ዶት 5 የሚል ብቻ ካያችሁ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም።

የድሮውን ሸራ አቧራ በኮምፕሬሰር መንፋት

ይህችን በአጭሩ ልበል፣ ግን ከልቤ ነው። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገድል ነገር ነው። ታምቡሩ ሲከፈት በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት። ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ አጠገብ ቆሞ ቁልፍ የሚያቀብል ልጅ አለ። እሱን አስቡት።

ከጋራዥ ወጥቶ በቀጥታ ጊቤ መውረድ

አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ መጀመሪያ መላመድ አለባቸው። ጠዋት ባጃጅ ሳይበዛ ወደ ሰርቦ መንገድ ውጡ። በ50 እየሄዳችሁ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ 20 አውርዱት። ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ትንሽ ነድታችሁ አቀዝቅዙትና ድገሙት፣ ሃያ ጊዜ ያህል። ከዚያ አቁሙና ሁለቱን የፊት ቸርኬዎች በእጃችሁ ዳስሱ። ሙቀታቸው እኩል መሆን አለበት። አንዱ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ ያ ወገን አልተለቀቀም፣ ወደ ቤት ተመለሱ። ቀጥሎ ዝናብ ሲዘንብ ባዶ ቦታ ፈልጉና እርጥብ መንገድ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙት። የኋላው ቀድሞ ከቆለፈና ቂጧ ከዞረ የኋላው ሲሊንደር ለዚህ ፊት ትልቅ ነው ማለት ነው፣ ይቀየራል።

ከመቶ ኪሎሜትር በኋላ የካሊፐሩን ብሎኖች፣ የቱቦ መጋጠሚያዎቹንና የዘይቱን ልክ እንደገና እዩ። እኔ ያኔ በቀኙ መጋጠሚያ ላይ የእንባ ጠብታ የምታህል እርጥበት አገኘሁ። ሩብ ዙር አጠበቅኩት። በሳምንቱ አበልቲ ላይ ማርሽ ቀንሼ ወረድኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ፔዳሉ ጅማ ላይ የነበረበት ቦታ ነበር።