ላፕቶፓችሁ ከጥገና ተበላሽቶ ቢመለስ

ባትሪ ብቻ ይቀየር ብላችሁ የሰጣችሁት ላፕቶፕ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ሲመለስ ያናድዳል። ግን ጩኸት አያዋጣም። ጎንደር ውስጥ ፒያሳ ሂዱ ማራኪ፣ መጀመሪያ የምትሰሙት መልስ «ሲመጣም እንዲህ ነበር» የሚል ነው። ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው።

ስለዚህ ከሱቁ ሳትወጡ እቃችሁን ፈትሹ። ስክሪኑን፣ ማጠፊያውን፣ ኪቦርዱን፣ የቻርጀር መሰኪያውን እዩ። 8 ጊጋ ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሰጥታችሁ 4 ይዛችሁ እንዳትሄዱ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ተመልከቱ። ጉዳት ካገኛችሁ ሠራተኛው ባለበት በቪዲዮ ቅረጹ። ቀሪ ክፍያ ካለም ሳትነጋገሩ አትክፈሉ።

ማሽኑ ጭራሽ አልነሳም ካለ ነገሩ ይከብዳል። ብዙ ሰው ተናዶ በቀጥታ ሌላ ጥገና ቤት ይወስደውና ያስከፍተዋል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ባለሙያ «ሌላ ሰው ነካክቶታል» ይላል፣ እውነት ለመናገር እሱም አይፈረድበትም። አስቀድማችሁ ንገሩት። «እገሌ ጋ ልናስከፍተው ነው፣ መጥተህ እይ» በሉት። እምቢ ካለም ያሳወቃችሁበት የስልክ መልእክት ይኑራችሁ። ሁለተኛው ባለሙያ ሲከፍት ቅረጹት። አጭር ብሎን በሚገባበት ቦታ ረጅም ገብቶ ማዘርቦርዱን (ዋናውን የውስጥ ሰሌዳ) ወግቶት ይሆናል። ቀጭኑ ጠፍጣፋ ኬብል ተቀዶ፣ መቆለፊያው ተሰብሮም ሊሆን ይችላል። ይሄ የእጅ ሥራ እንጂ የእርጅና ምልክት አይደለም። ያየውን በወረቀት ጽፎ፣ ቀን አስገብቶ ይፈርምላችሁ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ሱቅ ባለቤት አናግሩ፣ ተቀጥሮ የሚሠራውን ልጅ አይደለም። ሱቁ ሰው ሳይበዛበት፣ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። የምትጠይቁት ነገር ቁርጥ ያለ ይሁን፤ «ወንድሜ፣ ወይ ተመሳሳይ ስክሪን ቀይርልኝ፣ ወይ ዋጋውን ክፈለኝ»። ዋጋውን ሌላ ቦታ አጣርታችሁ ሂዱ። ለአሮጌ ማሽን አዲስ ላፕቶፕ መጠየቅ ግን ልክ አይመስለኝም። ካልተግባባችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩትን የሰፈር ሰው አስገቡ፤ ጎንደር ውስጥ ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ቀላል አይደለም። ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ ምስክር ፈርሞበት። «ነገ ነይ» እየተባለች የመመረቂያ ጽሑፏ ላፕቶፑ ውስጥ የቀረባት ተማሪ ስትመላለስ ማየት ያንገበግባል።

አሻፈረኝ ካለ ሕግ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንዲሠራለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ለደረሰ ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብትም አለ። ስለዚህ ቀን አታባክኑ። ደረሰኙን፣ ቪዲዮውንና የባለሙያውን ወረቀት ይዛችሁ ለከተማው ንግድ መምሪያ በጽሑፍ አመልክቱ። ደረሰኝ ካልሰጧችሁ የቴሌብር መልእክቱ መክፈላችሁን ያሳያል። ፍርድ ቤት መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ጊዜ ይበላል፤ ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ላያዋጣ ይችላል።

በስምምነት ካለቀ ገንዘቡን በቴሌብር ተቀበሉ። ጠግነው ከመለሱላችሁ ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ ደጋግማችሁ አብሩት፣ አጥፉት፣ ቻርጀር ሰክታችሁም ሞክሩት።