ሽፍታው ምች ካልሆነስ? የደርማቶማዮሳይቲስን ሽፍታ እንዴት እንደምትለዩትና እንደምትይዙት

እህቴ የዐይኗ ቆብ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ሲወጣባት ሁላችንም ያልነው አንድ ነገር ነው፣ ምች። ፀሀይ ላይ ውላለች፣ ፊቷ አበጥ ብሏል፣ ያሳክካታል፣ ታዲያ ከዚ በላይ ምች ምን ይምጣ? ዳማከሴ ታሸላት፣ አሸተተች፣ ተቀባች፣ ሁለት ሳምንት አለፈ ምንም የለም። ከዛ አንዷ ጎረቤት "ማድያት ነው" ብላ ሚያቀላ ክሬም ሰጠቻት፣ ስትቀባው ሦስት አራት ቀን ጥፍት ይልና ስታቆም ብሶ ይመጣል። በመጨረሻ ነገሩን ያጋለጠው በርጩማ ነው። ቡና አፍልታ ጨርሳ ልትነሳ ስትል ግድግዳ ካልያዘች መነሳት አቃታት። "አረጀሁ በቃ" ብላ ሳቀች፣ ገና 43 ዓመቷ ነው።

በሽታው ደርማቶማዮሳይቲስ ይባላል። የሰውነታችን መከላከያ ዞሮ የራሱን ቆዳና ጡንቻ ሲያጠቃ ሚመጣ ነው። አይተላለፍም፣ ስለዚ ፎጣና ማንኪያ መለየት ምናምን አያስፈልግም። ሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል፣ አዋቂ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ባለው እድሜ ነው ሚጀምረው፣ ልጆችንም ይይዛል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ቀለሙን ሳይሆን ቦታውን እዩ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶ አብዛኛው የነጭ ቆዳ ነው፣ ቀይ ወይም ሀምራዊ ሆኖ ይታያል፣ እኛ ቆዳ ላይ ግን የበለዘ፣ ጠቆር ያለ ቡኒ ወይም አመድማ ይመስላል፣ ለዛ ነው ሐኪም ራሱ አንዳንዴ ሚያልፈው። ቦታው ግን አይዋሽም። የላይኛው የዐይን ቆብ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከእብጠት ጋር። ደረት ላይ የሸሚዝ አንገት ክፍት በሚሆንበት በኩል። ትከሻና ማጅራት ላይ፣ ልክ ነጠላ ሚያርፍበት ቦታ። የታፋ ጎን ላይ። ከሁሉም በላይ ግን እጃችሁን ጨብጡና የጣት አንጓዎቹን እዩ፣ አንጓው አናት ላይ ጠፍጠፍ ያለ፣ ሻካራ እብጠት ካለና በአንጓና አንጓ መሀል ያለው ቆዳ ደህና ከሆነ ይሄ ትልቅ ምልክት ነው (ሉፐስ ሚባለው፣ እሱም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሚያጠቃበት ሌላ በሽታ፣ ላይ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፣ አንጓውን ትቶ መሀሉን ነው ሚይዘው)። ክርንና ጉልበት ላይም እንደዛው ይወጣል። የጥፍር ስርንም በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ እዩ፣ ቆዳው የተቀዳደደ መስሎ ቀያይ ነጠብጣብ ወይም የክር ጫፍ ሚመስሉ የደም ስሮች ካሉት ለሐኪም አሳዩ። ጭንቅላት ላይ ሚያቃጥልና ሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ ፎረፎር ነው ይላችኋል።

ጡንቻውን ለመፈተሽ ማሽን አያስፈልግም። በእጅ ሳትደገፉ ከወንበር አምስቴ ተነሱ። እጃችሁን ወደላይ አድርጋችሁ ፀጉር አበጥሩ። አክንባሎ ማንሳት፣ ሚኒባስ ላይ መውጣት፣ ደረጃ መውጣት፣ እነዚህ ከብደዋል ወይ? ድካሙ ጣት ላይ ሳይሆን ትከሻና ዳሌ ላይ ነው ሚጀምረው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ጡንቻው ደህና ሆኖ ቆዳው ብቻ ይያዛል፣ ስለዚ "አልደከመኝም" ብላችሁ አትተዉት።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ቆዳ ሐኪምና ሩማቶሎጂስት (የመገጣጠሚያና የእንዲህ ዓይነት በሽታ ሐኪም) ሁለቱም ቢያዩት ጥሩ ነው። ሲኬ ሚባል የጡንቻ ኢንዛይም በደም ይታያል (ኖርማል ቢሆንም በሽታው የለም ማለት አይደለም)፣ አንቲቦዲዎች (መከላከያው ሚሰራቸው፣ በደም ሚታዩ ነገሮች)፣ አንዳንዴ የቆዳ ባዮፕሲ (ትንሽ ቆዳ ተቆርጦ ሚመረመርበት)፣ የጡንቻ ኤምአርአይ። የሳንባ ምርመራም ይጨምሩበታል። አዋቂ ከሆናችሁ ስለ ካንሰር ምርመራ ራሳችሁ ጠይቁ፣ በሽታው ከካንሰር ጋር ሊያያዝ ይችላል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት፣ ይሄን ምለው ላስደነግጣችሁ አይደለም፣ እህቴን ለአምስት ወር ያየ ሰው አንዴም ስላላነሳላት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ያ ሚያቀላ ክሬም ይቁም! አንዳንዶቹ ውስጥ ክሎቤታሶል ሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣት ሚያበርድ መድሃኒት) አለ፣ ሽፍታውን ደብቆ ሐኪሙን ያሳስታል፣ የፊት ቆዳም ያሳሳል። ቱቦውን ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ ምን እንደተቀባችሁ ይይላችሁ።

አሁን ወደ ፀሀይ ልምጣ፣ ፀሀይ ይሄን ሽፍታ ያብሰዋል፣ ግማሹ ሕክምና ከሱ መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚ "ዛሬ ብርድ ነው፣ ደመና ነው" ሚባለው ነገር አይሰራም፣ ብርድና ጨረር አይተዋወቁም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጪ ሚሰራ ነገር ካለ ወደ ጠዋት ወይ ወደ ማታ ግፉት። ሰንስክሪን (የፀሀይ መከላከያ ቅባት) ኤስፒኤፍ 50 ሚል የተጻፈበት፣ ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ፣ ውጪ ከሆናችሁ በየሁለት ሰዓቱ እንደገና፣ የእጅ ጀርባና ጆሮ ሚረሳ ነው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር አትቀመጡ፣ መስታወት ሁሉንም ጨረር አያስቀርም። ጃንጥላ ያዙ፣ ሰው ቢያይ ይይ። ነጠላ ተከናንቤያለሁ ምትሉ ደግሞ፣ ነጠላ እንደስሙ ነጠላ ነው፣ ወደ ብርሃን አንሱትና ብርሃኑ ካለፈ ፀሀይም ያልፋል፣ አጥፋችሁ ልበሱት ወይም ኩታ ይሻላል። ፀሀይ እንዲህ ስትሸሹ ቫይታሚን ዲ ይወርዳልና እሱን ሐኪሙን ጠይቁ።

ለማሳከኩ፣ ለብ ባለ ውሃ አጠር አድርጋችሁ ታጠቡ፣ ቆዳው እርጥብ እያለ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ቅባት ቀቡ። ሲብስ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሪላክሰር፣ እነዚህ ይቅሩ። ሐኪም ሚያዘው ስቴሮይድ ቅባት ለሰውነትና ለፊት አንድ አይደለም፣ ለዐይን ቆብ ብዙ ጊዜ ታክሮሊመስ ሚባል ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ያዛሉ፣ የሰውነቱን ፊት ላይ እንዳትቀቡ።

መድሃኒት ላይ ሦስት ነገር። ፕሬድኒሶሎን (ሚዋጥ ስቴሮይድ) ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙት፣ አደገኛ ነው፣ ጾም ከሆነ ለሐኪሙም ለንስሐ አባታችሁም ቀድማችሁ ንገሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ቲቢ፣ ሄፓታይተስ ቢና የአንጀት ትል ይታይ፣ እኛ አገር ይሄ በጣም ያስፈልጋል፣ መከላከያውን ስታወርዱት የተኛው ሊነሳ ይችላል። ሜቶትሬክሴት (እሱም መከላከያውን ሚያወርድ መድሃኒት) ከታዘዘ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ በየቀኑ ከተዋጠ ሊገድል ይችላል፣ ቀኑን ካላንደር ላይ አክብቡት፣ እርግዝና ላይም አይሆንም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን (ለቆዳው ሚታዘዝ ክኒን) ጀምራችሁ አዲስ ሽፍታ ከወጣ ደውሉ፣ ይሄ በሽታ ያለበት ሰው ላይ መድሃኒቱ ራሱ ሽፍታ ማውጣቱ የተለመደ ነው።

ቀጠሮ ማይጠበቅባቸው፦ ጉርሻ ካነቃችሁ፣ ውሃ በአፍንጫ ከተመለሰ፣ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ጣት ጫፍ ወይ አንጓ ላይ ቁስል ከተከፈተ። በዛው ቀን ሂዱ።

እና ታገሱ፣ ቆዳው ከጡንቻው ይዘገያል። እህቴ በአራተኛ ወሯ ከበርጩማ ያለ እጅ ተነሳች፣ አንጓዎቿ ግን አሁንም ጠቋቁር ናቸው። በየእሁዱ አንድ መስኮት ጋ፣ በአንድ ሰዓት፣ እጇን ፎቶ አነሳታለሁ። ጥቁሩ ለስላሳ ከሆነ፣ ካላሳከከና ካላበጠ በሽታው ጥሎት የሄደው ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ሻከር ብሎ ከተነሳ ወይ ማሳከክ ከጀመረ ግን በሽታው አልተኛም ማለት ነው። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ መድሃኒቱን ሊጨምር ነበር፣ የስድስት ሳምንቱን ፎቶ በተራ አይቶ እዛው እንዲቆይ ወሰነ።