ኦርጋኑ ባስ ሲያጣ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋንና ስፒከር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስልኬ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መዘምራኑ ለእሁድ ሲለማመዱ። «ጋሼ፣ ባሱ ጠፋብን» ይሉኛል፤ ወፍራሙን ድምፅ ማለታቸው ነው። ስደርስ ከዋናው ብልሽት ይልቅ እናስተካክል ብለው የጨመሩት ብልሽት በልጦ አገኘዋለሁ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ባስ ሲጠፋ ባስ መጨመር ነው። ምክንያቱን ሳያጣሩ ሚክሰሩ ላይ ያለውን የባስ ቁልፍ እስከ ጥጉ ያዞሩታል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለማስቀባት ሁለቱን ስፒከሮች አወረዱና መልሰው ሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ ባሱን የሚያወጣው የእግር ፔዳል ሲረገጥ የሚወጣው ድምፅ ቀጠነ። ባሱን ጨመሩ፤ አልሆነም። ቮልዩሙን ጨመሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት የአንዱ ስፒከር ኮይል (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጠለ። ስገባ የተቃጠለው ሽታ ገና አልለቀቀም ነበር። ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ ግን አንድ ነገር አስተውሏል፦ «ጋሼ፣ አንዱ ከሞተ በኋላ ሌላው ብቻውን ባስ ማውጣት ጀመረ።» ያኔ ገባኝ። ሲሰቅሉ የአንዱን ቀይና ጥቁር ሽቦ አገላብጠውት ነበር።

ሽቦው ከተገላበጠ አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቀጫጭኖቹ ኖታዎች ብዙም ስለማይጎዱ ሰው ስፒከሩን አይጠረጥርም። ማጣሪያው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ስፒከሩን ከአምፑ (ድምፁን ከሚያጎላው ሳጥን) አላቁት፤ ከ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቩን ወደ ቀዩ፣ ኔጋቲቩን ወደ ጥቁሩ ለቅጽበት ብቻ አስነኩት። የስፒከሩ ወረቀት (የሚንቀጠቀጠው ክብ ፊቱ) ወደ ውጭ ብቅ ካለ ልክ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገላብጧል። ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ይህን ብቻ እንኳ ሞክሩ። ያ የተቃጠለው ስፒከር የተገዛው ምእመናን ባዋጡት ገንዘብ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ብቻ መፍረድም ያሳስታል። በባለ 16 ጫማ ድምፅ (በኦርጋኑ ወፍራም የድምፅ ምርጫ) የፔዳሉ ዝቅተኛው ዶ 32.7 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ10 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ጋ ያልተሰማው ባስ የኋላው ግድግዳ ጥግ ላይ ደረት ሊመታ ይችላል። አንድ ሰው ኖታውን ይዞ ይቆይ፤ እናንተ አዳራሹን ዙሩ። ባለ 8 ኢንች ስፒከር ደግሞ ያንን ዶ በሙሉ ጉልበት እንዲያወጣ አትጠብቁ፤ ጥፋቱ የኦርጋኑ አይደለም።

አንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚንጫጫውን ሁሉ ተቀደደ አትበሉ። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ ስፒከር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። የሚንጫጫው ማስቲሹ የለቀቀ የመስኮት መስታወት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ አባት እጃቸውን መስታወቱ ላይ ሲያሳርፉ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት መስኮቱን፣ አምፖሉንና የኮርኒሱን ቆርቆሮ በእጄ እዳስሳለሁ።

ስፒከር ሳይለኩ መግዛትም አለ። ኃይሉን አጥፍታችሁ የግራና የቀኙን የስፒከር ሽቦ አለዋውጡ። ችግሩ እዚያው ስፒከር ላይ ከቀረ ስፒከሩ ነው፤ ወደ ሌላው ስፒከር ከተዛወረ አምፑ ወይም ከዚያ በፊት ያለው ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር 6 ገደማ ያነባል፤ ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። መርካቶ ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ባለ 8ቱን በባለ 4 አትተኩት፤ አምፑን ያስጨንቃል።

የዳር ስፖንጁ ከተበጣጠሰ በፕላስተርም በሱፐር ግሉም አትለጥፉት፤ ይደርቅና ወረቀቱን ያስራል። ስፖንጁ ይቀየር።

አሁን ማንም ሳይጫወት ከስፒከሩ ስለሚሰማው እምምታ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው ለዝቅተኛው ሶል በጣም ይቀርባል፤ ፔዳል ተጣብቆ የቀረ የሚመስላቸው አሉ። ያ ችግር የለውም። የሚያስፈራኝ እምምታውን ለማጥፋት የመብራቱን የግራውንድ (የመሬት) ሽቦ የሚቆርጡት ናቸው። አዎ፣ ድምፁ ይጠፋል። ግን ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላላ የኦርጋኑ ብረት ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ተጫዋቹ ደግሞ ማይክ ከንፈሩ ላይ አድርጎ የሚዘምር ልጅ ነው። እንዲህ ተቆርጦ ያገኘሁትን ሳልቀጥል አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። ኦርጋኑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት አስነሱ፤ ካልበቃ በመካከል ግራውንድ ሊፍት (ግራውንድ መነጠያ) ያለው ዲ አይ ቦክስ የሚባለውን የድምፅ ማገናኛ ሳጥን አስገቡ። የሚነጠለው የድምፅ ኬብሉ ግራውንድ እንጂ የመብራቱ አይደለም።

መብራት በአምልኮ መሃል ሲሄድ ደግሞ አምፑን ወዲያው አጥፉት። ሲመለስ ኦርጋኑ ይቅደም፣ ከዚያ ሚክሰሩ፣ አምፑ መጨረሻ ላይ። አምፑ በርቶ ሳለ ኦርጋኑ ሲነሳ የሚሰማው «ዱም» የሚያርፈው የባሱ ስፒከር ላይ ነው።